ያዘነበለችው ጀልባ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኤሴክስ፣ በመርሲ ደሴት ዙሪያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ሸሽቶ ጭቃውን ገልጦ ይተዋል። የዳክዬ አዳኞች ጀልባ የዚህ ጭቃ ልጅ ናት። ርዝመቷ ወደ 5 ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ገደማ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ሲሆን ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። መሪ የላትም። ትልልቆቹ የሸራ ጀልባዎች ነፋስ ወደ ጎን እንዳይነዳቸው ከሥራቸው የሚያወርዱት ሳንቃም የላትም። ያላት አንድ ሸራና አንድ መቅዘፊያ ነው።

አንድ ወጣት እንዲህ ያለች ጀልባ መሥራት ሊማር ሽማግሌ ዘንድ ገባ። የብርዱን ወራት ጣውላ ሲቆርጥ፣ ሲልግ፣ በሙጫ ሲገጥም ከረመ። ሽማግሌው በሌላው ሁሉ ዝም ይሉታል፤ ጎኗና ወለሏ የሚገናኙበትን ጠርዝ ሊያለዝብ ሲል ግን እጁን ይይዙታል።

«ተው ልጄ፣ ስለት ይኑረው።»

ብርዱ ሲያልፍ ጀልባዋ ውሃ ነካች። ጎኖቿ ዝቅ ያሉ ናቸውና ወጣቱ እንዳትገለበጥበት ፈርቶ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ነፋሱን በሰያፍ ሊወጣ ሸራውን ወጠረ። ጀልባዋ ግን እንደ ወደቀ ቅጠል ወደ ጎን ተንሸራታ ማዶ ጭቃ ላይ ጣለችው። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያረፈው ጭቃው ላይ ነው።

«አሠራሯ ስሕተት አለበት፤ ከሥሯ ሳንቃ ልምታላት» አላቸው።

«ሳንቃ ከመታህ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይዞ ያስቀርሃል። ወለሉ ላይ ተቀመጥ፤ ወደምትፈራው ወገን ተጠጋ» አሉት።

የሚፈራው ወገን ሸራው የተዘረጋበት፣ ውሃው ለጀልባዋ ከንፈር የቀረበበት ነው። ጥርሱን ነክሶ ተጠጋ። ጀልባዋ አዘነበለች፤ ያ ያልለዘበ ጠርዝ እንደ ማረሻ ውሃው ውስጥ ገባ። መንሸራተቷም ቆመ። ወጣቱ መቅዘፊያውን ከኋላ አጥልቆ፣ በእሱ እየመራ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየቆረጠ ነፋሱን ወጣው።

እኔ መሐል ላይ ቀጥ ብዬ የተቀመጥሁት ወዳጄ ልጁን በቀበረ ጊዜ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን ታየሁ፤ ገንዘብ ላክሁ፤ ሁለት ቀን ደወልሁ። ሐዘኑ ጎትቶ እንዳያሰጥመኝ ሰግቼ ነበር። ይህን ያህል መጠንቀቅ ከሩቅ ሲያዩት ጨዋነት ይመስላል፤ የእኔው ግን ፍርሃት ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይገፋኝ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ፣ የየቀኑ ሥራ ወደ ጎን ይዞኝ ሄደ። ስድስት ወር ደጁን አልረገጥሁም።

በመጨረሻ ሄድሁ። ወዳጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ወንበሩን ትቼ ከጎኑ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እስኪነካ ተጠግቼ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። የልጁን ስም ጠርቼ «እስኪ ስለ እሱ አጫውተኝ» አልሁት። ከመሸም በኋላ ገና እየነገረኝ ነበር።