ስለ አገር ነገር ከወንድም መለየት ይገባልን?

በዚህ ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅ፥ ነገር ግን በግልጥ የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም፥ ስለ አገር አስተዳደር ያለን አሳብ ከወንድማችን፥ ከእኅታችን ወይም ከልጅነት ወዳጃችን አሳብ ጋር በተጋጨ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባናል? የሚል ነው። ዝም ብንል እውነትን የካድን ይመስለናል፤ ብንናገር ዝምድናው እንዳይፈርስ እንፈራለን። ስለዚህ አንዱ ዝም ብሎ በልቡ ይቈስላል፤ ሁለተኛው ተናግሮ ብቻውን ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አላቸው። «ፖለቲካ የዚህ ዓለም ነገር ነውና ተዉት፤ ስለ እርሱ መጣላት ሞኝነት ነው» ይላሉ። እኛ ግን ይህ መልስ ይበቃል ብለን አናስብም። ገበሬ ስለሚያርሰው መሬት፥ እናት ልጅዋ ስለሚማርበት ቋንቋ፥ ሰው ሁሉ በአገሩ ሳይፈራ ወጥቶ ስለ መግባቱ ቢያስብና ቢከራከር ነገሩ ከንቱ አይደለም። እንዲያውም ክርክሩ በቤተ ሰብ መካከል መራራ የሚሆነው ከንቱ ስላልሆነ ነው። ከማናውቀው ሰው ጋር በአሳብ ብንለያይ ፈጥነን እንረሳዋለን። አብሮን ያደገ ሰው ግን እኛ ክፉ የምንለውን መልካም ነው ሲል በሰማን ጊዜ፥ ያን ሁሉ ዘመን ሳናውቀው የኖርን ይመስለናል።

ይህ መከራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ አንዱ አርበኛ ሆኖ ዱር ሲገባ ሌላው ለጠላት ያደረበት ቤተ ሰብ ነበረ። ከዚያም ይልቅ ልብን የሚነካው በ1966 ዓ.ም. ከተነሣው አብዮት በኋላ የሆነው ነው። ኢሕአፓና መኢሶን በተባሉት ሁለት ድርጅቶች ከተሰለፉት ወጣቶች ብዙዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፥ በአንድ ገበታ የበሉ፥ «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአንድ ሰልፍ የወጡ ነበሩ። የሁለቱም ትምህርት ሶሻሊዝም ነበረ። ከለያዩአቸው ጥያቄዎች ዋነኛው፥ ሥልጣን የያዘውን ደርግ እየነቀፉ መደገፍ ይሻላል ወይስ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም መታገል ይሻላል? የሚል ነበረ። ከዚህ ክርክር ተነሥተው ወደ ጥይት ደረሱ። ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ወጣቶች በየመንገዱና በየእስር ቤቱ ተገደሉ። መኢሶንም በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ከተሰወረ በኋላ አባሎቹ በተራቸው ይታደኑ ጀመር። የልጅዋን ሬሳ በመንገድ ላይ አይታ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት ነበረች።

በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእነዚያን ወጣቶች ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ይዞ ይገኛል። ወደዚያ ገብቶ ፊታቸውን የሚመለከት ሰው የማን ወገን እንደ ነበሩ ከፊታቸው ሊለይ አይችልም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ደርግን መደገፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውም ክርክር አብሮት ወደቀ። ዛሬ ስለዚያ ነገር ራቱን ትቶ የሚነሣ ሰው የለም። የእናቶቹ እንባ ግን ከጥያቄው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

በእኛም ዕድሜ ይህን የመሰለ ነገር አይተናል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ጦርነት በተጀመረ ጊዜ የትግራይ የስልክ መሥመር ተቋረጠ። በአዲስ አበባ ያለ ልጅ በመቀሌ ያሉት ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ ብዙ ወራት አለፉ። በዚያው ጊዜ በአማራና በአፋር ክልልም ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው፥ ሙታናቸውን በወጉ ሳይቀብሩ ተሰደዱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ ጦርነቱን ለማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ በታኅሣሥ ወርም አውሮፕላን እንደገና ወደ መቀሌ በረረ፥ ስልክም መሥራት ጀመረ። በትእዛዝ የተቈረጠው መሥመር እንዲህ ሲቀጠል፥ እኛ በገዛ እጃችን የቈረጥነው መሥመር ግን በብዙ ቤት ሳይቀጠል ቀረ። እስኪ ይህን እናስተውል፤ ጦር ያዘመቱት ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሲፈርሙ፥ አንድ ጥይት ያልተኰሱ የአክስትና የአጎት ልጆች በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ አልቻሉም። ከዚያም ወዲህ በሌሎች ክልሎች በተነሣው ውጊያ ምክንያት ይኸው መለያየት ወደ ሌሎች ቤቶች ገባ።

እንግዲህ የአሳብ ልዩነት ወደ መለያየት የሚደርሰው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ምልክት በአነጋገራችን ይታያል። ወንድማችንን ከልጅነት ጀምረን «አንተ» ስንለው ኖረን፥ ክርክር በጦፈ ጊዜ «እናንተ» እንለዋለን። «እናንተ እኮ ድሮም እንዲህ ናችሁ» እንላለን። በፊታችን የተቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ ቃሉ ግን የብዙ ሰዎች ነው። ይህ «እናንተ» ወንድማችንን ከወንበሩ አስነሥቶ በስፍራው የማናውቀውን ጭፍራ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ የምንናገረው ለእርሱ አይደለም። እርሱም ባልሠራው ሥራ ተከሶአልና፥ ያልሠራውን ለመሟገት ይገደዳል።

ሁለተኛው ምልክት በኀዘን ላይ የምንሰጠው መልስ ነው። አንዱ «የአጎቴን ልጅ ገደሉት» ሲል ሌላው «ከእኛስ ስንቱ አልቋል!» ብሎ ይመልሳል። የተናገረው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ግን አይደለም። በአገራችን ልማድ ወደ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፥ ከዚያም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ስለ ሌላ ሰው ሞት ተናግሮ የዚያን ቤት ኀዘን ሊያሳንስ አይነሣም። ይህን ደንብ ለጎረቤት ስንጠብቅ ለወንድማችን መንፈጋችን እንዴት ያለ ነገር ነው?

ሦስተኛው ምልክት ከሩቅ በመጣ ወሬ መዳኘት ነው። የወንድማችንን አሳብ ከገዛ አፉ ከመስማት ይልቅ በእጅ ስልክ በተላከ ጽሑፍና ሥዕል እንፈርድበታለን። በዋሽንግተንና በአካባቢው፥ በጀርመንም አገር ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ፈተና አብዝተው ያውቁታል። በባዕድ አገር እርስ በርሳቸው ሲረዳዱ የኖሩ ሰዎች በአገር ቤት ጦርነት ምክንያት ተለያይተዋል። ከጦር ሜዳ ሩቅ የሆነ ሰው ለዘመዶቹ መጨነቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የቃሉን ፍሬ የሚያጭዱት ሌሎች ናቸውና፥ ቃሉን ከመላኩ በፊት ሊዘገይ ይገባዋል።

አሁን ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንዱ፥ «እንግዲያስ ስለ ሰላም ሁሉን ትተን ዝም እንበል» የሚል ነው። ለጊዜው ዝም ማለት ጥበብ የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ ቍጣ እስኪበርድ መታገሥ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። አንደኛው ለመስማት የሚጠብቅ ዝምታ ነው፤ ሁለተኛው መስማትን የሚፈራ ዝምታ ነው። በሁለተኛው ዝምታ የሚከብደው ሸክም በተበደለው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ሌላው በደስታ ሲበላ እርሱ ኀዘኑን ውጦ ይስቃልና። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ሁላችን የምናውቀው ነው። ስለዚህ የተወጋውን «እርሳው» ብሎ ማዘዝ እርቅ አይባልም። በማኅበረ ምእመናን ውስጥ ለሽምግልና የተጠራችሁ አባቶች፥ እባካችሁ ሁለቱን ሰዎች ሳታሰሙ ፈጥናችሁ አታሳስሙ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ወንድሜ የሰውን መገደል መልካም ነው ቢልስ? ከእርሱ ጋር መብላት የደሙ ተካፋይ መሆን አይደለምን?» የሚል ነው። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። አገር እንዴት ትተዳደር፥ ክልል እንዴት ይከለል፥ ሰንደቅ ዓላማው ምን ይምሰል የሚለው አሳብ ነው፤ በአሳብ ሰው ይለያያል። ይህ ሕዝብ ይጥፋ ማለት ግን ከአሳብ አይቈጠርም፤ ነፍስ የመግደል መጀመሪያ ነው። ይህን የሚናገር ወንድም ቢሆን እንኳ በፊቱ «አይሆንም፥ ይህ ኃጢአት ነው» ልንለው ይገባል፤ ስለ ገበታ ሰላም ብለን ራሳችንን ብንነቀንቅ ከዱን። በዚያ ቀን ከማዕድ መነሣት ግድ ቢሆንብን እንነሣ። ክፉ ሥራ ሠርቶ ከሆነም ከፍርድ መሸሸግ ፍቅር አይደለም፤ የተገደለውም ሰው ወንድም ነበረውና። ነገር ግን ወንድማችን በታመመ ጊዜ መጠየቅ፥ በታሰረ ጊዜ ስንቅ ማድረስ፥ በሞተ ጊዜ መቅበር ከእኛ አይወድቅም።

ይህን የምንልበት ምክንያት ምንድን ነው? ዝምድና የመልካም አሳብ ደመወዝ ስላልሆነ ነው። ደመወዝ ቢሆን ኖሮ አሳቡ ለተስተካከለ እየከፈልን፥ ለተሳሳተ እንከለክል ነበር። ነገር ግን ማናችንም ከአንድ እናት የተወለድነው በአሳብ ተስማምተን አይደለም። ዕድርን ተመልከቱ። የዕድር ጡሩምባ በተነፋ ጊዜ ድንኳን የሚተክሉት፥ ንፍሮ የሚቀቅሉት፥ ሬሳ የሚያጅቡት ጎረቤቶች፥ ሟቹ የማን ደጋፊ ነበረ ብለው አይጠይቁም። ቢበዛ ወርኃዊ መዋጮውን መክፈሉን ይጠይቃሉ። ዕድር ለጎረቤት ይህን ያህል ካደረገ፥ መዋጮ የማይጠየቅበት ዝምድና ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ ይገባልን?

በቅዱሳት መጻሕፍትም ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከል ቀራጩ ማቴዎስና ቀናተኛ የተባለው ስምዖን ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ቀራጭ ከገዢዎች ጋር የሚሠራ ተብሎ የተጠላ ነበረ፤ ቀናተኛ የሚለውም ስም ለሕዝቡና ለሕጉ የሚቀኑትን፥ የባዕድን አገዛዝ የሚጠሉትን ያሳስባል። ጌታችን ሁለቱን በአንድ ቀን አሳብ አስለውጦ እንዳስማማቸው አልተጻፈልንም። የተጻፈልን ሁለቱንም እንደ ጠራና በአንድ ማዕድ እንዳስቀመጣቸው ነው።

አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች አሉአት እንበል። በፋሲካ ቀን አንዱ በጥዋት መጥቶ ይበላል፤ ሁለተኛው ወንድሙ መሄዱን በስልክ ጠይቆ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እናቲቱም ሁለት ጊዜ ወጥ ታሞቃለች፥ ሁለት ጊዜ ቡና ታፈላለች፥ ለሁለቱም ትስቃለች። ሁለቱም ልጆች ስለ አገራቸው እንደሚያስቡ ይናገራሉ። ነገር ግን እናታቸው ከአገራቸው ሰዎች አንዲቱ አይደለችምን?

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የተለየነው ሰው ካለ በመጪው በዓል እርሱ እስኪጠራን ሳንጠብቅ እንሂድ። በተቀመጥንም ጊዜ ስለ ወገኑ ሳይሆን ስለ ልጆቹና ስለ ሙታኑ አስቀድመን እንጠይቀው፤ መልሱንም ሳናቋርጥ እንስማ። «እናንተ» ማለትን ትተን «አንተ» እንበለው። ከዚያ በኋላ ስለ አገር ያለንን አሳብ ሳንደብቅ እንንገረው፤ የእርሱንም እንስማ። ሳንስማማ ልንነሣ እንችላለን፤ ነገር ግን ስንወጣ በሩን ሳንዘጋ እንውጣ። ቤታችንን በሰላሙ ይጠብቅልን ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።