ነፍሰ ገዳይና የአገር ዝምታ

ሰው ገድሎ የተሰወረ ወንጀለኛ በሚታደንበት ጊዜ ፥ ከአዳኞቹ የሚጋርደው ጫካው ነውን ወይስ ሕዝቡ? ነገሩ ለፖሊስና ለዳኛ ብቻ የተተወ መስሎ ቢታይም ፥ እኛ ግን አስቀድሞ የሕሊና ጥያቄ ነው እንላለን።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኝ የሚያየው ማሳና መንደር ነው፤ ወደ ደቡብ ዘልቆ የወረደ እንደ ሆነ ግን ምድሩ እየቆላ ሄዶ ከዓባይ በረሃ ይገባል። በዚህ አገር ደም አፍስሶ የሸሸውን ሰው ባላገሩ «ጫካ ገባ» ይለዋል። አባባሉ ግን እውነቱን በሙሉ አይናገርም። በጫካ ውስጥ ምጣድ አይጣድም፤ ጥይትም አይበቅልም። ሸሺው የሚበላው እንጀራ የሚጋገረው በመንደር ነው፤ ፖሊስና ሚሊሻ ለፍለጋ መነሣታቸውን የሚነግረውም ነፋስ ሳይሆን ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ ይመግበዋል ፥ አንዱ ያስጠነቅቀዋል ፥ የቀረው ሁሉ ደግሞ እያወቀ ዝም ይላል።

የዝምታው ምክንያት አንድ አይደለም። ወንድም ወንድሙን አሳልፎ መስጠት ያሳፍረዋል። ጎረቤት ደግሞ የጠቆመ እንደ ሆነ ከገዳዩ ወገን ጋር ደመኛ ሆኖ እንደሚኖር ፥ ልጆቹም ያንኑ ጠብ እንደሚወርሱ ያውቃል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሟች ወገን ዝምታ ነው። የተበደለው እርሱ ሆኖ ሳለ ፥ ደሙን በገዛ እጁ ለመመለስ የቆረጠ እንደ ሆነ ገዳዩን ለመንግሥት ከመጠቆም ይልቅ «አናውቅም» ማለትን ይመርጣል፤ በወህኒ ቤት አጥር ውስጥ ያለ ሰው ከበቀል እጅ ያመለጠ ሰው ነውና። እንዲህም ሆኖ በደም የተለያዩ ሁለት ቤቶች በዝምታ ይስማማሉ።

አባቶቻችን ይህን ዝምታ የሚሰብሩበት ሥርዓት ነበራቸው፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው። ወንጀሉ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ ፥ የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ተመርጠው ይምላሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያየውንና የሰማውን ጭምር እንዲያወጣ ይጠየቃል። ጉባኤው ለቀናት ሳይበተን ሊቆይ ይችላል፤ አጨዳው ደርሶ እንኳ ቢሆን ገበሬው ማጭዱን ትቶ በሜዳው ይቀመጣል። ወንጀለኛው ጨርሶ ያልተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ አገሩ አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው ቃሉን ለሽማግሎቹ በስውር ያደርስ ነበር፤ ይህም ስውር ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ትልቅ እውነት አለ። ያየ ዓይን ከገደለ እጅ ጋር በአንድ ጉባኤ እንዲጠየቅ ማድረጉ ነው። ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 21ኛው ምዕራፍ ፥ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ወድቆ የተገኘ እንደ ሆነ ፥ ለስፍራው ቅርብ የሆነችው ከተማ ሽማግሎች ጊደር አርደው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እጃቸው ደሙን እንዳላፈሰሰ ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውም እንዳላየ ይመሰክራሉ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኖርማኖች ከገቡ በኋላ ፥ ከወገናቸው አንዱ ተገድሎ ገዳዩ ያልተያዘ እንደ ሆነ ወረዳው በሙሉ መቀጮ ይከፍል ነበር፤ ይህ መቀጮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1340 ዓመተ ምሕረት ተሻረ። ልብ ብለን ብናይ ኦሪት ከተማይቱን ምስክርነት ሲጠይቃት የኖርማን ንጉሥ ገንዘብ ጠየቃት። አውጫጭኝ ሁለቱንም ጠየቀ፤ ጥፋቱም ከዚህ ላይ ይመስለናል። ምንም ያላየች መበለት ልጇ ካዋጣው ብር የምትማረው ምንድን ነው? የሚያውቀውም ሰው ድርሻውን ከፍሎ ሲገባ ፥ ዝምታውን በርካሽ እንደ ገዛው ይቈጥረዋል።

የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ ቅጣት በግል እንጂ በሌላ ሰው ጥፋት እንዳይሆን ደነገገ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በበኩሉ ሸክሙን ከአገሩ አንሥቶ በእያንዳንዱ ሰው ትከሻ ላይ አደረገው፤ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል የሠራውን ሰው ማንነት እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀ ሰው ይቀጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይህንኑ ግዴታ በ443ኛው አንቀጽ አጽንቶታል። ለቅርብ ዘመድ ግን ቅጣቱን የማቅለል በር ይተዋል። በዚህ ሕጉ ከብዙ ሰባኪዎች የበለጠ የሰውን ልብ ያወቀ ይመስለናል።

ወፉስ? ወፉን ሙሉ በሙሉ ማባረር አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ እንዲደረግ ፥ እንደ ሁኔታውም ማንነታቸው እንዲሰወር ፈቅዷል። ይሁን እንጂ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ወፍ በመስቀለኛ ጥያቄ አይያዝም። የወሰን ጠብ ያለበት ጎረቤትም ወፍ መሆን ይችላል፤ የማሳ ድንበር ለማስፋት የሰው ስም በሹክሹክታ ማንሣት ከማረስ ይቀላል። ስለዚህ የወፍ ቃል ፍለጋውን ቢመራ መልካም ነው እንላለን፤ በፍርድ ወንበር ፊት ብቻውን ቆሞ ሰው እንዲያስፈርድ ግን ልንቀበለው አንችልም።

እዚህ ላይ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ባላገሩን «ለምን አልተናገርክም» ብሎ መውቀስ ቀላል መሆኑን አንዘነጋም። ቤቱ ከፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ የራቀ ፥ ጣሪያው ሣር የሆነ ሰው ፥ ሌሊት ክብሪት ይዞ የሚመጣበትን ሰው ስም በቀን እንዲናገር ስንጠይቀው ከእኛ የሚበልጥ ድፍረት እየጠየቅነው ነው። መንግሥት ይህን ሰው እስከ ሌሊቱ ድረስ ካልጠበቀው በቀን ሊያናግረው ምን መብት አለው? ሕጉ «ያለ በቂ ምክንያት» ያለው ቃል ለእንዲህ ያለው ሰው መጠጊያ ሊሆነው ይገባል። የሚመግበውና የሚያስጠነቅቀው ሰው ግን ከዚህ ምሕረት ውጭ ነው፤ እርሱ የፈራ ሳይሆን የወገነ ነውና።

ደም አድራቂ ሽማግሎች ደግሞ ሌላ መንገድ ያውቃሉ። በሁለቱ ወገን መካከል ገብተው ካሳውን ሲያስከፍሉና ዕርቁን በመሐላ ሲያጸኑ ፥ የበቀል ፍርሃት ይረግባል፤ ያን ጊዜ የተሰወረው ሰው ከቆላ ወጥቶ እጁን እንዲሰጥ የገዛ ዘመዶቹ ሊመክሩት ይችላሉ። ብቻ ዕርቅ የችሎት ምትክ እንዳይሆን እንሰጋለን። ካሳው የሟችን ወገን ያስታርቃል፤ የመንግሥትን ክስ ግን ሊያስቀር አይገባም ፥ ሟች ከዘመዶቹ በላይ የአገሩ ሰው ነበርና።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ የሟች ሚስት ትኖራለች። በገበያ ቀን እህሏን ተሸክማ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወጣ በመንገድ ከምታገኛቸው ሰዎች መካከል ገዳዩ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ፤ እርሷም ማን እንደሚያውቅ ታውቃለች። እንደ አገሩ ልማድ ቆመው ይጠያየቃሉ። ስለ ከብቱ ፥ ስለ አዝመራው ፥ ስለ ልጆቹ ጤንነት ይጠያየቁና ፥ እርሱ ቀድሞ መንገዱን ይቀጥላል።