ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት፣ ያው ብስክሌት?

በተራ ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ ሲገጠም ዕቃው ያው ብስክሌት ሆኖ ይቀጥላል ወይስ ሌላ ነገር ይሆናል? ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ጣውላ በአዲስ እየተኩ ስላቆዩት ፈላስፎች በማንነቱ ተከራክረውበታል። የብስክሌቱ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ አካሉ በአብዛኛው ሳይነካ የእንቅስቃሴው ምንጭ ይለወጣል። በአርስቶትል የምክንያቶች አከፋፈል፣ ቁሱ ባለበት ቆሞ አንቀሳቃሹ ምክንያት ይቀየራል ማለት ነው።

የሞተሩ ምርጫም መልሱን ያዘነብለዋል። ጎማ መሃል የሚቀመጠው ሞተር ጎማውን በቀጥታ ያሽከረክራል፤ በፔዳሉ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ግን ኃይሉን እንደ እግር ሁሉ በካቴናው ያሳልፋል፤ ማርሹንም ይጋራል። ሞተሩ የፊት ጎማ ላይ ከሆነ፣ ሹካው ለዚህ ጉልበት ስላልተሠራ ዘንጉ እንዳይሽከረከር የሚይዝ ተጨማሪ ብረት ይፈልጋል። ቁሱ ራሱ ለውጡን የሚቃወም ይመስላል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 168/2013 ደግሞ መለያውን ፔዳሉ ላይ አድርጎታል። የሞተሩ ተከታታይ ኃይል ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ጋላቢው ፔዳል መምታቱን ሲያቆም እርዳታው ከተቋረጠ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ከመድረሱ በፊት እርዳታው ከቆመ፣ ብስክሌቱ ከደንቡ ግዴታዎች ነፃ ነው። ቴላዮውና ጎማው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ያለ ፔዳል በእጅ ማፍጠኛ ብቻ የሚነዳው ይህን መለያ አያሟላም።