ዕረፍትን ለነገ ማቀድ፦ ከማታር አንጻር

ለነገ ማቀድ ከእምነት ጋር ይስማማል ወይስ ይጋጫል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከንግድና ከሀብት ጋር ተያይዞ ነው። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 4 የሚገሥጸው ወደ አንድ ከተማ ሄደው፣ ዓመት ከርመው፣ ነግደው ሊያተርፉ የቆረጡ ሰዎችን ነው፤ ቁርኣንም በአል-ከህፍ ምዕራፍ ሰው የአላህን ፈቃድ ሳያነሣ የነገ ሥራውን በእርግጠኝነት እንዳይናገር ያዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው የባለጸጋው ምሳሌም በስብከት የሚታወሰው በጎተራው ነው። ሆኖም ምሳሌውን ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው፣ ባለጸጋው ጎተራውን አስፍቶ እህሉን ካስገባ በኋላ ለነፍሱ ሊሰጣት ያሰበው ሌላ ትርፍ ሳይሆን የብዙ ዘመን ዕረፍት ነበር፤ በዚያች ሌሊት ከእጁ የወጣውም ይኸው ዕረፍት ነው። ዕረፍትን ማቀድ እንግዲህ ከሥራ ዕቅድ ባላነሰ የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ በተለይ በከተማ አዲስ መልክ ይዟል። የጫጉላ ሽርሽርን ወይም የዓመት ፈቃድን እንደ ዛንዚባር ባለች ደሴት ማሳለፍ፣ አቅሙ ላላቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ወር ይመረጣል፣ ሆቴል ይያዛል፣ ትኬት ይቆረጣል፤ ከዚህ ሁሉ ግን ወሳኙ የወሩ ምርጫ ነው። ዛንዚባር የምትገኘው በሐሩር ክልል፣ ማለትም ፀሐይ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን በአናት ላይ ቀጥ ብላ በምትቆምበት የምድር መታጠቂያ ውስጥ ሲሆን፣ በስዋሂሊ ቋንቋ «ማሲካ» የሚባለው ረጅሙ ዝናቧ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህም ለጎብኚ የሚመከሩት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። ተጓዡ ገንዘቡን የሚከፍለው ለአልጋና ለምግብ ብቻ አይደለም፤ ሰማዩ ጠርቶ እንደሚጠብቀው ለተሰጠው ተስፋም ጭምር ይከፍላል።

ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ያህል ስትርቅ፣ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በዚያው በሐሩር ክልል ውስጥ፣ በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ማታር ትገኛለች። ለዛንዚባር የሚመከሩት ወራት ማታርን ውኃ የሚከባት ወራት ናቸው። ባሮ ወንዝ የኢሉባቦርን ደጋ ዝናብ ተሸክሞ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር እንኳ ወደማይደርሰው ሜዳ ሲገባ፣ የሚወርድበት ቁልቁለት ስለሚያጣ ከዳርቻው አልፎ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጥቁሩ የሸክላ አፈርም ውኃውን በቀላሉ አያሰርገውም። ከፍ ያለው መሬት ብቻ ጎጆዎቹን ይዞ እንደ ደሴት ከውኃው በላይ ይቀራል። ይህችን ደሴት ግን ማንም መርጦ አይመጣባትም፤ ውኃው ራሱ መጥቶ ይሠራታል።

የኑዌር ሕዝብ አኗኗር በዚህ ውኃ ልክ የተሰፋ ነው። «ቶት» የሚባለው የዝናብ ወቅት ሲገባ ሰዉ «ቺየንግ» በሚባለው፣ በከፍታ ላይ በተሠራው የመኖሪያ መንደር ይሰበሰባል፤ «ማይ» የሚባለው በጋ ሲገባ ደግሞ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርድና «ዌች» የሚባለውን የከብት ሰፈር ይመሠርታል። በቶት ምሽት ከብቶቹ «ሉዋክ» ወደሚባለው ሰፊ ክብ ቤት ይገባሉ፤ በመካከሉ የደረቀ እበት ይጨሳል፣ ጭሱም በሣር ክዳኑ ቀዳዳ ሁሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ቤቱ ከሩቅ የሚተነፍስ ይመስላል። ጭሱ ከብቱንም ሰዉንም ከትንኝ ይጠብቃል፤ ጠዋት የሚገኘው አመድ ገላ ይቀባበታል፣ ጥርስም ይፋቅበታል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ይህ የጭስና የጭቃ ኑሮ ሊመስለው ይችላል፤ ለባለቤቶቹ ግን የዓመቱ ግማሽ በወጉ የሚኖርበት ሥርዓት ነው።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ባሉት ኑዌሮች መካከል የኖረው እንግሊዛዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቶትና ማይ የቀን መቁጠሪያ ክፍሎች ከመሆናቸው ይልቅ የአኗኗር ስሞች መሆናቸውን አስረድቷል። ሰዎች ወደ ከብት ሰፈር የሚወርዱት ማይ ስለገባ ነው ከማለት፣ ወደ ሰፈሩ ሲወርዱ ማይ ይሆናል ማለት ይቀርባል። በዚህ አስተሳሰብ ጊዜ እንደ ገንዘብ የሚቆጠብ፣ የሚባክን ወይም አስቀድሞ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። ይኸው ሊቅ በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት በጻፈው ሥራው ያተኮረው «ኩዎት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ መንፈስና እግዚአብሔርን በአንድነት ይጠራል፤ ሰው መላው በጠፋው ጊዜ «ኩዎት አለ» ሲልም ስለ አምላክ መኖር መከራከሩ ሳይሆን፣ አምላክ በዚህ ጭንቀት ውስጥ አብሮ መኖሩን መናገሩ ነው። ዛሬ ከጋምቤላ ኑዌሮች ብዙዎቹ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የሚጠሩት አምላክ ስም ግን ያው ኩዎት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ዕቅድ የሌለው ሕዝብ ታማኝ ነው፣ ባለ ዕቅድ ደግሞ ትዕቢተኛ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከብትን ከቺየንግ ወደ ዌች ማዛወር ብርቱ ዕቅድ ይጠይቃል፤ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ፣ ሣሩ የት እንደሚቃጠል፣ እህሉን ማን ቆይቶ እንደሚሰበስብ ሁሉ ይታሰባል። ልዩነቱ ያለው ዕቅዱ ለማን ቦታ ይተዋል በሚለው ላይ ነው። የመንጋው ዕቅድ ለውኃው ቦታ አለው፤ ውኃው ከዘገየ ዕቅዱ ይዘገያል እንጂ አይሰበርም። የእንግሊዝ መንግሥት እንኳ በ1902 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲያገኝ፣ የእንፋሎት መርከቦቹ ወደ ጋምቤላ የሚወጡት ወንዙ በሚሞላባቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

የደሴቱ ሽርሽር ዋና ችግር እንግዲህ አስቀድሞ መታቀዱ ሳይሆን፣ ዕረፍትን ከጊዜ አውጥቶ ወደ ቦታ መለወጡ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ዕረፍት ቀን ነው፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5 አገልጋዩ፣ መጻተኛውና አህያው ሳይቀሩ ከጌታው ጋር እንዲያርፉ ያዘዘው፣ ሰንበት በሁሉም ላይ እኩል ስለምትመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅዳሜ ሰንበት የብዙ ዘመን ክርክር አድርጋ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የወሰነችበት ታሪክ፣ ሊቃውንቱ የዕረፍትን ጊዜ ምን ያህል አክብደው እንደተመለከቱት ያሳያል። ዕረፍት ቦታ ሲሆን ግን በቦታው የሚኖረው ሰው የሌላው ዕረፍት ሠራተኛ ይሆናል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው በጨው ውኃ ቆመው በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ፤ ጎብኚው ባዶና ጸጥ ያለ ብሎ የመረጠው ዳርቻ ለእነርሱ ማሳ ነው። አስቀድሞ በተያዘ ዕረፍት ውስጥ እነዚህን ሴቶች እንደ ባለቤት የሚያይ ዐይን ካለ፣ ያ ጉዞ ከእንግድነት ወግ አልወጣም፤ ከሌለ ግን የባለጸጋው ጎተራ በአሸዋ ላይ ተሠርቷል።

በሌላ በኩል የማታርን ኑሮ ለከተማ ሰው መገሠጫ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው። ውኃ ሁልጊዜ በልኩ አይመጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ በሌችዎር መጠለያ የሰፈሩ ብዙ ሺህ ስደተኞች ሰፈራቸውን ጎርፍ ስለዋጠው፣ ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ወደ ጀዊ መጠለያ ተዛውረዋል። እነዚህ ሰዎች ነገን ማቀድ ያልቻሉት በትሕትና አልነበረም፤ ነገ ከእጃቸው ስለተወሰደ ነው። ትኬት የያዘ ሰው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሲል በእጁ ያለውን ነገር ለፈጣሪው እያስረከበ ነው፤ ከጎርፍ የሸሸች እናት ይህንኑ ስትል ግን የምታስረክበው ነገር የላትም፣ የምትለምነው ነው እንጂ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሰብክ ሰባኪ ድህነትን እምነት ብሎ ይጠራል። የራስን የዕረፍት ቀን መምረጥ መቻል የሰው ክብር ክፍል ስለሆነ፣ የማታር ልጆችም ባሕር የማየት ዕቅድ ቢኖራቸው ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም።

ጥቅምት ሲገባ ባሮ ወደ አልጋው መመለስ ይጀምራል። በከፍታው ዳር የተረፈው ውኃ ይጎድላል፣ ረጅሙ ሣርም መድረቅ ይጀምራል። ወጣቶቹ መንጋውን እየነዱ አስቀድመው ይወርዳሉ፣ አዲስ ሣር እንዲበቅልም አሮጌውን ያቃጥላሉ፤ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ የቀረውን ማሽላ ሰብስበው ይከተላሉ። የሚወርዱበት ወንዝ ዳር ይታወቃል፤ ቀኑ ግን መሬቱ የከብት እግር መቻሉ እስኪታይ ድረስ አይቆረጥም።