ሐይቅ ዳር የተቀመጠችው ሴት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ሐይቅ ከተማን ያገኛታል። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ገበያዋ የሚደምቀው በዙሪያዋ ገበሬ ጤፍና ማሽላ ነው። እንግዳ ግን ብዙ አይቆይባትም፤ በመኪና መስኮት አይቷት አጠገቧ ወዳለው ሐይቅ ይወርዳል።

ውሃው ዳር ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይገናኛል። አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሊሳለም የመጣ ነው። ሌላው ጀልባ ተሳፍሮ ሊዝናና፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ እስኪንጣጣ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ሊበላ መጥቷል። በተቀደሰ ስፍራ አጠገብ ጨዋታና ሳቅ ይገባል ወይ?

መልሱን የአገሬው አፈ ታሪክ ይዞታል። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ የተበደለችው የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል።

እንግዲህ ፍርዱ የወረደው በግፍ ላይ እንጂ በሳቅ ላይ አይደለም። የሚዝናና ሰው ስለተዝናና ብቻ ቦታውን አላረከሰም።

ጸሎተኛውም ቢሆን ከታሪኩ ጥያቄ አያመልጥም። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። የቆየ የምንኩስና ሥርዓት ነውና ይከበራል፤ ሆኖም መሬቱ የተረፈው ለአንዲት ሴት ሲባል መሆኑን እየሰማች ከበሩ የምትመለስ እናት ምን እንደሚሰማት መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እንዲያውም ታሪኩን ከልብ መስማት ማለት ይኸው ነው።

ሐይቁ ራሱ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባለታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የወረደ ማዳበሪያ፣ ከመዝናኛው የተጣለ ቆሻሻ የሚሄድበት የለውምና እዚያው ይከማቻል። ቆሮሶውም ቢሆን በ1970ዎቹ በሰው እጅ የተጨመረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ጥራት ርቆት ውሃው አረንጓዴ እየሆነ ሄዷል። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ከብቱን እዚያ በሚያጠጣው ገበሬና በመረቡ በሚያድረው አጥማጅ ላይ ነው፤ ዛሬ ሐይቁ ዳር የተቀመጡት እነሱ ናቸው።