ስትሞት ማን ይቀብርሃል?

አያት ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ ነው። የልጅ ልጃቸው ለወራት ሲያመላልሰው የከረመውን ነገር ዛሬ አወጣው፤ የኦርቶዶክስም አይደለም፣ የጴንጤም አይደለም፣ የካቶሊክም አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል፣ ይጸልያል፣ ክርስቲያን ነው፣ በቃ። አያት አልተቆጡም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳርፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እሺ የኔ ልጅ፣ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

ይህን የመሰለ ወግ ያልተሰማበት ሰፈር ጥቂት ነው፤ ጥያቄውም ከሚመስለው በላይ ብልህ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ እምነት የትምህርተ ሃይማኖት ዝርዝር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ንስሐ አባት ነው፣ የክርስትና ስም ነው፣ በአርባ ቀን መጠመቅና በአርባ ቀን መታወስ ነው፣ አጸዱ ውስጥ ያለች ጠባብ መሬት ናት። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያስቀቅላል፤ ፍትሐት ግን አያደርስም። ቀደምት የወንጌላውያን አማኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። አስከሬን ተሸክመው የቀብር ቦታ የተከለከሉበት ዘመን ነበር፤ የራሳቸውን የመቃብር ቦታ ለማግኘት ደጅ የጠኑትም ለዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱን 43.5 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱን 18.6 በመቶ፣ ካቶሊኩን 0.7 በመቶ ብሎ መዝግቧል። «ክርስቲያን ብቻ» ለሚል ሰው የተለየ ረድፍ የለም፤ ዕጣው «ሌላ» መባል ነው።

ታዲያ ሰው ለምን «ብቻ» ይላል? ቶሎ የሚሰጠው መልስ ኩራት የሚል ነው፤ አለቃ ጠልቶ፣ ጾም ከብዶት፣ አሥራት ሰስቶ። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ አይካድም። ሐሳቡ ግን መመዘን ያለበት ዋጋ በከፈሉለት ሰዎች ነው፤ ከእነሱም አንዱ ጃፓናዊው ኡቺሙራ ካንዞ ነው።

ኡቺሙራ እ.ኤ.አ. በ1861 ተወልዶ በሰሜኑ የሆካይዶ ደሴት በሳፖሮ የግብርና ኮሌጅ ተማረ። በ1878 ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በአንድ አሜሪካዊ ሜቶዲስት ሚስዮናዊ እጅ ተጠመቀ። ልጆቹ ቄስ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በየእሑዱ ተራ እየገቡ ቄስ ሆኑ። የተረኛው መኝታ ክፍል ቤተ መቅደስ ይሆናል፤ አትሮንሱ ደግሞ ሰማያዊ ብርድ ልብስ የለበሰ የዱቄት በርሜል ነበር። ችግሩ የመጣው ትምህርት ጨርሰው ቤተ ክርስቲያን እንሥራ ሲሉ ነው። አንዳንዶቹ ወደ እንግሊዙ ሚስዮን፣ ሌሎቹ ወደ ሜቶዲስቶቹ ያዘነበሉ ነበሩ፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም። ባሕር ማዶ የተጀመረ ጠብ እነሱ ቤት ምን ያደርጋል? ከሜቶዲስቶቹ የወሰዱትን ገንዘብ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ እስከ 1882 ከፍለው ጨረሱና ራሳቸውን ቻሉ።

ብድሩ መከፈሉ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳውን ስም እምቢ ያሉት ገንዘቡን ይዘው ሳይሆን መልሰው ነው።

ቢሆንም ኡቺሙራ የሚታወቅበት «ቤተ ክርስቲያን አልባ» (በጃፓንኛ «ሙክዮካይ») የሚለው ቃል የተወለደው ያኔ አይደለም። በ1891 ኡቺሙራ ቶኪዮ ውስጥ መምህር ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የፈረሙበት የትምህርት አዋጅ ፊት ተማሪና አስተማሪ በየተራ ዝቅ ብሎ እጅ እንዲነሣ ታዘዘ። እሱ ሲያመነታ እንደ ሌሎቹ ሳይጎነበስ ቀረ። አገር ተነሣበት፤ ከሥራው ወጣ፤ በሳንባ ምች ታሞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ያስታመመችው ባለቤቱ በዚያው ዓመት ሞተች። የገዛ ወገኖቹ ክርስቲያኖችም ጥላቸውን አነሱበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ በቤተ ክርስቲያን ስለ መጣል የጻፈው በአጋጣሚ አይደለም፤ «ሙክዮካይ» የሚለው ቃል ብቅ ያለውም እዚያ ላይ ነው። በ1901 በዚሁ ስም መጽሔት ሲጀምር ቃሉ ቤተ ክርስቲያንን ማፍረስ ማለት እንዳልሆነ አስረዳ፤ ቤት ለሌላቸው የሚሆን ቤት፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው አለ።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው ይህ ነው። «የማንም አይደለሁም» የሚለው ሰው በሩን ዘግቶ የሄደ ይመስላል፤ ታሪኩ ሲገለጥ ግን ብዙውን ጊዜ በሩ አስቀድሞ የተዘጋው እሱ ላይ ነው። ምርጫ የምንለው ነገር መጀመሪያ ቁስል ነበር። ኡቺሙራን የሚለየው ቁስሉን ወደ ሐሳብ መቀየሩ ነው፤ ቤት ያጣ ሰው እግዚአብሔርን አላጣም፣ እንግዲያውስ ቤቱና እግዚአብሔር አንድ አልነበሩም። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ሹመትም ሆነ ምሥጢራት አልነበሯቸውም፤ መጽሐፍ ቅዱስና መምህር ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ያናይሃራ ታዳኦ በ1937 የአገሩን ጦርነት በመንቀፉ ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ለመልቀቅ ተገድዶ፣ ከጦርነቱ በኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

የሐሳቡ ሌላ ፊት ግን ያስቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 28 ቀን 1804 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ኬን ሪጅ በሚባል ስፍራ ጥቂት የፕሬስቢቴሪያን አገልጋዮች ተሰብስበው ራሳቸው ያቋቋሙትን ጉባኤ አፈረሱ። ያፈረሱት በኑዛዜ ነው! ጉባኤው እንደሚሞት ሰው ሆኖ ቃሉን ሰጠ፤ ስሙ እንዲረሳ፣ አካሉም ከመላው የክርስቶስ አካል ጋር እንዲቀላቀል አዘዘ። ቤተ እምነት የራሱን ቀብር ሲያዝ ከዚያ በፊት ማን አይቶ ያውቃል? ባርተን ስቶን የተባለው መሪያቸው ኋላ ከእነ አሌግዛንደር ካምቤል ጋር ተባበረ። ፍላጎታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ክርስቲያን ብቻ መባል። መቶ ዓመት ሲያልፍ በ1906 የተደረገው የአሜሪካ የሃይማኖት ቆጠራ የእነሱን ተከታዮች በሁለት የተለያዩ ቤተ እምነቶች መዘገባቸው፤ ዛሬ ሦስት ናቸው። ሟቹ ወራሾች ነበሩት ማለት ነው።

ይህ ወጥመድ ከኬንታኪ በጣም ይቀድማል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ከተማዪቱን ያመሷትን ወገኖች ሲዘረዝር አንዱ የጳውሎስ፣ አንዱ የአጵሎስ፣ አንዱ የኬፋ ነኝ ባይ ነው። አራተኛው ደግሞ የክርስቶስ ነኝ ይላል። ሐዋርያው ይህን አራተኛ አጨብጭቦለት አላለፈም፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ረድፍ አስቀመጠው። ከወገን በላይ ነኝ ማለት ከወገኖች ሁሉ የሚያኮራው ወገን ነውና። በ2020 በአሜሪካ በተደረገ የሃይማኖት ቆጠራ ቤተ እምነት የለንም የሚሉ አጥቢያዎች ከ44 ሺህ በላይ፣ ምእመኖቻቸውም 21 ሚሊዮን ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ በብዙዎቹ በር ላይ የባፕቲስት ወይም የጴንጤቆስጤ ምልክት የለም፤ ገብቶ ስብከቱን ለሰማ፣ ጥምቀቱን ላየ ግን አባታቸው ማን እንደሆነ ከመልካቸው ይታወቃል።

ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ መንገድ ያውቃሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች አገር ቤት ሳሉ የቃለ ሕይወት፣ የሙሉ ወንጌል፣ የመሠረተ ክርስቶስ ወይም የመካነ ኢየሱስ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ያመልካሉ። እዚያ ሰውን የሚሰበስበው አማርኛው፣ ኪቦርዱና ከአምልኮ በኋላ የሚቀርበው ሻይ ነው። በትምህርት ተከራክሮ የተስማማ የለም፤ ልዩነቱን ማስታወስ ቅንጦት ሆነ እንጂ።

በተቃራኒው ወገን የቆሙት መልሳቸው ቀላል አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን የካርታጎው ቆጵርያኖስ ቤተ ክርስቲያንን እናት ያላደረገ ሰው እግዚአብሔርን አባት ማድረግ እንደማይችል አስተምሯል። ክርክሩን ወደ መሬት እናውርደው፦ ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚያነበውን መጽሐፍ ለዘመናት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የገለበጡለት ሰዎች አሉ። ደግሞስ ማን ያጠምቀዋል? በ1609 አምስተርዳም የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ስማይዝ፣ ለማጥመቅ ሥልጣን ያለው ቤተ ክርስቲያን በምድር ላይ ጠፍቷል ብሎ በማመኑ ራሱን በራሱ አጠመቀ። ብዙም አልቆየም፤ ተጸጸተና በሜኖናውያኑ ዘንድ ለመቀበል ደጅ ጠና። በስማይዝ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ድረስ የተከተለው ግን እሱ ብቻ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሞ መቅረትን ከሁሉ ጠልቃ ያሰበችበት ሲሞን ቬይ ትመስላለች። ፓሪስ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ በ1909 የተወለደች ፈላስፋ ናት፤ ፋብሪካ ገብታ እንደ ማንኛዋም ላብ አደር ሠርታለች። በ1942 ከማርሴይ ለዶሚኒካዊው መነኩሴ ለአባ ፔረን በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ክርስቶስን እንደምታምን፣ ግን እንደማትጠመቅ ገለጸች። ስለ ቤተ ክርስቲያን ያላት ፍርሃት ከውጭ ያለ ሰው ንቀት አይደለም፤ «እኛ» የሚለውን ቃል ጣዕም ታውቀዋለች። አጠገቧ ሃያ ወጣት ጀርመኖች የናዚ መዝሙር ቢዘምሩ ከነፍሷ አንዱ ክፍል ወዲያው ናዚ እንደሚሆን ጽፋለች። በመንጋ የሚሞቅ ልብ ያለው ሰው፣ መንጋው የቅዱሳን ቢሆን እንኳ፣ ሙቀቱ እምነት ነው ብሎ ይሳሳታል። ሁለተኛው መሰናክል ቤተ ክርስቲያን መናፍቅን የምታወግዝበት ቃል ነው። ውግዘት እስካለ ድረስ በውጭ ከቀሩት ጋር፣ ከግሪኮቹና ከሕንዶቹ ጠቢባን፣ ከተባረሩት ሁሉ ጋር፣ ደጅ ላይ መቆየትን መረጠች። ያቺ ሴት የናፈቀችውን ሥጋ ወደሙ ለአንድ ቀን እንኳ ሳትቀበል ኖረች።

እዚህ ላይ አያት ያነሱት ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ዴንማርካዊው ሶረን ኪርክጋርድ የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመት መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላትን ቤተ ክርስቲያን በመዋጋት አሳለፈ። በ1855 ኮፐንሃገን ሆስፒታል ሲያጣጥር ቄስ የሆነው ወዳጁ ኤሚል ቦዘን ቍርባን ትቀበላለህ ወይ አለው። እቀበላለሁ፣ ግን ከተራ ምእመን እንጂ ከቄስ እጅ አይደለም አለ። ያ አስቸጋሪ ነው ሲባል ሳይቀበል ሞተ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን አልለቀቀችውም፤ በከተማዋ ካቴድራል በቄስ አስጸልያ ቀበረችው። የእህቱ ልጅ ሐኪሙ ሄንሪክ ሉን መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አጎቱ ባልፈቀደው ሥርዓት ተቀበረ ብሎ ጮኸ። ለሥርዓት አልባው ኡቺሙራ ደግሞ ቀብሩ ሌላ ነበር። በ1912 ወጣት ልጁ ሩት ስትሞት አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ፣ እጁን ሽቅብ ሰንዝሮ፣ ጃፓኖች ለድል በሚጮኹት ጩኸት ስሟን ጠራ። ያን ቀን እዚያ የቆመው ተማሪው ያናይሃራ ያየውን ዕድሜ ልኩን አልረሳም።

ሲሞን ቬይ በኦገስት 24 ቀን 1943 በእንግሊዝ አሽፎርድ ከተማ በ34 ዓመቷ አረፈች። ለቀብሯ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ይመጣሉ የተባሉት ቄስ ባቡር አመለጣቸው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሞሪስ ሹማን ተንበርክኮ ከጸሎት መጽሐፉ አነበበላት። መቃብሯ የሚገኘው በካቶሊኮቹ ክፍል ውስጥ ነው።