ከደብተር ያልተሰረዘ ሐቅ



ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነጋዴ የቀድሞ ሠራተኞቹን የሚያስታውሰው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ ሥራ ሲበዛበትና «እንደ እገሌ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?» ሲል ነው። እኔን ግን ያስታወሰኝ አንድ አሮጌ ደብተር ነው።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሁሩሙ፣ ጀንፈል ቡና ከገበሬ እየገዛሁ የማስረክብ ትንሽ ነጋዴ ነበርኩ። ሚዛን የሚይዝ አንድ ልጅ፣ ቡና የሚለቅሙ ሁለት እናቶች፣ እንዲሁም ቀን ጆንያ እየተሸከመ ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ሰው አብረውኝ ይሠሩ ነበር። የኢሉባቦር ዝናብ በቡና ለቀማ ወቅትም እንደማይታመን አገሬው ያውቀዋል። ያ ሰው ዳመናውን ከሁላችን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በሌሊት ተነስቶ የተሰጣውን ቡና በሸራ ሸፍኖ፣ እሱ ሲበሰብስ ያድር ነበር። እኔ ጠዋት መጥቼ ቡናው መድረቁን አይ ነበር እንጂ የእሱን ልብስ አላይም።

በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወደቀ። ቬትናምና ብራዚል ምርታቸውን አብዝተው ገበያውን ሞልተውት ነበር፤ ጉዳቱ ሁሩሙ ድረስ መጣ። ሠራተኞቼን አሰናበትኩ። ለሌሎቹ እንደምንም ከፈልኩ፤ ለእርሱ ግን «ቡናው ሲሸጥ ና» አልኩት። ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። ሦስተኛ አልመጣም። ሥራ ፍለጋ ወደ ጋምቤላ ወረደ ሲሉ ሰማሁ። በኋላ ቡናው ተሸጠ፤ እኔም ረሳሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ለረመዳን ቤት ሲጸዳ ደብተሩ ወጣ፤ ከስሙ ትይዩ «ቀሪ 90 ብር» ይላል። ጽሑፉ የገዛ እጄ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ዛሬ ባገኘው ዕዳዬ ስንት ነው? ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ የወር ደመወዝ የነበረው 90 ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ ዕዳ የሚመለሰው በገንዘቡ ልክ እንጂ በዋጋ ንረት ተሰልቶ አይደለም ብሏል። የወለድ በር እንዳይከፈት የሚጠብቅ ብይን ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን 90 ብር ሰጥቼው «ተጨራረስን» ብለው ልቤ ያምነኛልን?

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ቋጥኝ ዋሻ ውስጥ የዘጋባቸው የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ትዝ አለኝ። አንደኛው አሠሪ ነበር። ሠራተኛው ጥቂት እህል የሆነች ደመወዙን ሳይወስድ ሄደ። አሠሪው እህሏን ዘራት፣ አረባት፤ ከብት ሆነች። ሰውዬው ከዘመናት በኋላ ሲመጣ «ይህ ሁሉ ያንተ ነው» አለው፤ ሰውዬው የሚቀልድበት መስሎት ነበር። አሠሪው እህሏን ብቻ ቢሰጠው ማን ይወቅሰው ነበር? ማንም። የሰጠው ግን ያፈራችውን ሁሉ ነው።

በእኔና በዚያ አሠሪ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘቡ መጠን አይደለም። እርሱ የሠራተኛውን ሐቅ ለይቶ ያዘ፤ እኔ ከራሴ ቀላቀልኩት። ያልተከፈለ ደመወዝ ተኝቶ አይጠብቅም፤ በአሠሪው ኪስ ሆኖ ለአሠሪው ይነግዳል። ያ 90 ብር የኔን ቡና ገዝቷል፣ የልጆቼን ደብተር ገዝቷል። ስለዚህ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ውል ሳይኖርብኝ፣ በኢሕሳን ጨምሬ ብሰጠው ወለድ አይደለም፤ እፍረቴን ማቅለያ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ ማዘዛቸው ይነገራል። ትዕዛዙ ስለ ብሩ ብዛት ሳይሆን ስለ ጊዜው መሆኑን ልብ እንበል። ከዚያ ሰው የወሰድኩት ብር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን የተመለሰበት መንገድም ነው። ለዚያ መንገድ ዋጋ አላውቅለትም፤ «አውፍ ብዬሃለሁ» ማለት የሚችለው እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ጋምቤላ በሚወርዱ ሾፌሮች እያስጠየቅኩ ነው። እርሱ ከሌለ ለወራሾቹ፣ እነርሱም ካልተገኙ በእርሱ ስም ሰደቃ እሰጣለሁ፤ ድንገት ቢመጣ ግን ሐቁ አሁንም ያለ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሱቅ ያላችሁ ብቻ አይደላችሁም፤ በየቤታችን እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ የሄደች ልጅ አለች። ሂሳቧ ተዘግቷልን? ደብተሩ እዚህ ሳለ፣ ሰዎቹም በሕይወት ሳሉ ዛሬ እንግለጠው። ነገ የሚገለጠውን ደብተር የምንጽፈው እኛ አይደለንም።

ወላሁ አዕለም።